ከጋራው ጀርባ ላሉት

ከአበርስትዊዝ ወደ ደቡብ የሚሄደው አውቶብስ የካርዲጋንን ባሕረ ሰላጤ በቀኝ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። በግራ በኩል በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነ የግጦሽ መሬት፣ በመሬቱ ላይ በጎች፣ ከበጎቹ በላይ ጉብታውን ታክኮ የሚሄድ ደመና። የዌልስ ዝናብ እንደ እኛ ክረምት በነጎድጓድ ተነግሮ አይመጣም፤ ሳይበረታም ሳያባራም ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ከፊት የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች በዌልስኛ ያወጋሉ፤ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ይሳሳቃሉ። ሾፌሩ ለሁሉም በየቋንቋቸው ይመልሳል።

የመጣሁት የብረት ምሰሶ ለማየት ነው። ሰው ግንብ ሊያይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም በሚሄድበት አገር የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ማሰራጫ ፍለጋ መውጣት ለአንዳንዱ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። እኔ ግን የአንድን አገር የቅርብ ታሪክ ለማወቅ ከእነዚህ ምሰሶዎች የተሻለ ቦታ አላውቅም። ማን እንዲሰማ፣ ማን እንዲቆይ፣ በማን ቋንቋ እንደሚነገር የተወሰነው በእነሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ብላይንፕልዊቭ በተባለች መንደር አጠገብ፣ በሽቦ ገመድ ግራና ቀኝ ተወጥሮ ቆሟል። ይህ ዋና ጣቢያ ነው፤ በመካከለኛው ዌልስ ዳርቻ ለሚኖረው ሕዝብ ከትውልድ በላይ ድምፅና ምስል ሲያደርስ የኖረ። ቴሌቪዥን ወደ ዌልስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1952 በካርዲፍ አቅራቢያ በተተከለው የዌንቮ ማሰራጫ ነው። (የዌልስን ዘመን በእነሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የዚያ ጊዜው ሞገድ ረዘም ያለ ስለነበር ጉብታውን በመጠኑም ቢሆን ይዞረው ነበር። ከ1964 ጀምሮ ግን ጥራት ያለው አዲስ ሥርጭት፣ ከዚያም ባለ ቀለሙ፣ አጠር ባለ ሞገድ መጣ። አጭሩ ሞገድ ጋራ አይወድም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋራው በሸለቆው ላይ ጥላውን እንደሚጥል፣ በማሰራጫውና በመንደሩ መካከል የቆመ ጉብታም በመንደሩ ላይ የዝምታ ጥላ ይጥላል። ዌልስ ደግሞ ሸለቆዋ የበዛ አገር ናት።

መፍትሔው ትናንሽ የቅብብሎሽ ጣቢያዎች ሆኑ። በደጋው አገራችን ከአፋፍ ወደ አፋፍ ሲጠራሩ የሰማ ሰው አሠራሩን ለመረዳት ምሕንድስና መማር አያስፈልገውም። ለቅሶ ሲኖር አንዱ ከአፋፉ ላይ ይጮኻል፤ ማዶ ያለው ሰምቶ ፊቱን ወደ ቀጣዩ ሸለቆ ያዞርና ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ከራሱ ምንም አይጨምርም። ጣቢያውም እንዲሁ፣ ከዋናው ማሰራጫ የያዘውን ደካማ ሞገድ አጉልቶ ወደ ታች፣ ወደ ተደበቁት ቤቶች ይለቀዋል። ብልሃቱ አንድ ነው፦ በተቀበለበት ድግግሞሽ መልሶ ቢያሰራጭ የራሱን ድምፅ እየሰማ ስለሚታወክ፣ ወደ ሌላ ቻናል ቀይሮ ነው የሚያስተላልፈው።

የት ይተከል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው የሕዝብ ቁጥር ነበር። መጀመሪያ 1000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ሸለቆዎች፣ ቀጥሎ 500 የሞላቸው፣ በመጨረሻም 200 የሞላቸው ተራ ደረሳቸው። ከዚያ በታች የሆኑት ራሳቸው አዋጥተው እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው። በመላ ብሪታንያ እንዲህ ያሉት ጣቢያዎች ከአንድ ሺህ በለጡ። ሀብታም አገር ሁሉ ለዜጋው በአንድ ጊዜ ይደርሳል የሚል እምነት አገር ቤት ሳለን ያደረብን ብዙዎች ነን። እዚህ ግን 200 ሰው ያለበት ሸለቆ ለዓመታት ተራውን ሲጠብቅ፣ ጎረቤቱ ባለ 600ው ሸለቆ የእግር ኳስ ዋንጫ እያየ ነበር።

ከብላይንፕልዊቭ ጥቂት እንደተሄደ፣ ላንሪስቲድ አጠገብ፣ አውቶብሱ በአንድ የፈረሰ ጎጆ ግድግዳ አጠገብ ያልፋል። በቀይ ቀለም መደብ ላይ በነጭ፣ ትሬዌሪንን አስታውሱ የሚል በዌልስኛ ተጽፎበታል። ትሬዌሪን በሰሜን የሚገኝ ሸለቆ ነው። በውስጡ የነበረችው ካፔል ኬሊን የተባለች ዌልስኛ ተናጋሪ መንደር፣ ከነትምህርት ቤቷና ከነጸሎት ቤቷ፣ ለእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ ውኃ ለማጠራቀም ሲባል በ1965 በግድብ ውኃ ተዋጠች። የዌልስ የፓርላማ ተወካዮች ከሞላ ጎደል በሙሉ እየተቃወሙ ነው ሕጉ የጸደቀው። ጽሑፉን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ኋላ በደራሲነቱ የታወቀው ማይክ ስቲቨንስ ነው። በ2019 ግድግዳው ሲበላሽ ሰዎች መልሰው ጻፉት፤ በዚያ አላበቁም፣ በየመንደሩ ግድግዳ ላይ ያንኑ ቃል ደገሙት።

ይህን ሳያዩ ስለ ምሰሶዎቹ ማውራት አይቻልም። በዚያ ዘመን አንድ ዌልሳዊ ገበሬ ከማዕከል የሚመጣ ነገር ሁሉ ምን እንደሚወስድበት አስቀድሞ ይጠይቅ ነበር፤ ቴሌቪዥንም ከማዕከል ነው የመጣው። በ1911 ከመቶ ከ43 በላይ የነበረው የዌልስኛ ተናጋሪ ቁጥር በ1961 ወደ 26 ወርዷል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማታ ማታ ገብተው ከሕፃናቱ ጋር የሚጫወቱት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር።

ላምፒተር የቴይቪ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች፣ ለረጅም ዘመን የትምህርት ማዕከል የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። ኮሌጇ በ1822 የተመሠረተ ነው። ያደርኩት በእንግዳ ማረፊያ ቤት ሲሆን፣ ባለቤቷ በእኛ አገር ቢሆን እማማ የምላቸው ሴት ናቸው። ማታ ካውል አቀረቡልኝ፤ የበግ ሥጋ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ቀስ ብሎ የበሰለበት ሾርባ። በማግስቱ ሲሞቅ ይበልጥ ይጣፍጣል አሉኝ። ወጥ ያደረ እንደሆነ ይጣፍጣል የሚሉት እናቴ ትዝ አሉኝና ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ከዚያም ዘቢብ የበዛበት፣ በሻይ የራሰ ባራ ብሪስ የሚባል ዳቦ በቅቤ ቀብተው ጨመሩልኝ።

ስለ ምሰሶው ስጠይቃቸው ወንበራቸውን ሳቡ። ልጅ ሳሉ አባታቸው ጣራ ላይ ወጥተው አንቴና ሲያዞሩ፣ እናታቸው መስኮቱ ላይ፣ እሳቸው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ቃል ይቀባበሉ ነበር። መጣ? አልመጣም! አሁንስ? ትንሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ! ይህን ሲያወሩ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የአዲስ አበባን ቆርቆሮ ጣራዎች የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል፤ እኛ ቤት ጣራ ላይ የሚወጣው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ይሁንና እማማ አንድ ነገር አከሉ። በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ድንበሩ የሚኖሩ ብዙዎች አንቴናቸውን ሆን ብለው ወደ እንግሊዝ ማሰራጫዎች ያዞሩ ነበር። ምክንያቱም የዌልስኛ ፕሮግራም በአንዱ ቻናል ውስጥ ጣልቃ እየገባ የለመዱትን የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ያፈናቅልባቸዋል። ዌልስኛ ተናጋሪውም አልረካም፤ የሚደርሰው በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ያውም ሰው በማያይበት ሰዓት ነበር። አንድ ቻናል ለሁለት ሕዝብ አልበቃም፤ ሁለቱም ተቀያየሙ።

በማግስቱ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ፔንካሬግ ወጣሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትራክተር ሲመጣ አጥሩን ተለጥፎ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ላይ ሲደረስ የሚታየው ነገር ጥቂት ነው፤ በአጥር የተከለለ ቁራጭ መሬት፣ መስኮት የሌላት ቤት፣ አንቴናዎች የተሰቀሉበት ምሰሶ። ማንም የለም። የቅብብሎሽ ጣቢያ ሰው አይቀመጥበትም። ከታች የቴይቪ ሸለቆ በሙሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጣቢያው እዚህ የተተከለበትን ምክንያት ለማወቅ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል።

በ1979 ኦክቶበር ሦስት ሰዎች ወደዚህ ወጡ። ፔናር ዴቪስ ቄስ፣ ባለ ቅኔና የነገረ መለኮት ኮሌጅ ኃላፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሰባውን ሊደፍን የቀረበ። ሜረዲዝ ኢቫንስ የባሕል ዘፈን ሊቅና ራሳቸውም ዘፋኝ ሲሆኑ፣ ለዓመታት በቢቢሲ ዌልስ የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ኔድ ቶማስ በአበርስትዊዝ የሥነ ጽሑፍ መምህርና የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። ሦስቱ ሰብረው ገብተው ማሰራጫውን አጠፉት። በሸለቆው ያሉ ቴሌቪዥኖች ባዶ ሆኑ። ሰዎቹ ያደረጉትን አልሸሸጉም፤ በካርማርዘን ፍርድ ቤት ቀርበው በገንዘብ ተቀጡ።

እዚያ አጥር ሥር ቆሜ ያሰብኩት ስለ አገራችን ነው። በእኛ ታሪክ ሬዲዮ ጣቢያ የሚገባ ኃይል የሚሮጠው ወደ ማይክሮፎኑ ነው። በታኅሣሥ 1953 ግርግር የአልጋ ወራሹ መግለጫ የተሰማው በሬዲዮ ነበር። በመጋቢት 1969 ደርግ ብስራተ ወንጌልን ወረሰ፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ለአፍሪካና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሰማበት የነበረው ማሰራጫ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ማን እንደገባ ያረጋገጠችው ሬዲዮኑን ከፍታ ነው። የያዘው ይናገራል፤ የተነጠቀው ዝም ይላል። ፔንካሬግ ላይ ግን የሚነጠቅ ማይክሮፎን የለም። እነዚያ ሦስት ምሁራን ንግግር ሊያደርጉ ቢፈልጉ እንኳ የሚናገሩበት ነገር አልነበረም። ማድረግ የሚችሉት ማጥፋት ብቻ ነው፤ ማጥፋቱም ለሸለቆው ሰው፣ በየማታው የሚሰማው ነገር በቋንቋው አለመሆኑን በዝምታ የሚነግር ነበር። ለዓመታት ፕሮግራም ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ማሰራጫ ሊያጠፋ ሲወጣ ምን ያህል እንደመረረው መገመት ይቻላል። የሜረዲዝ ኢቫንስ ነገር ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው።

መራራነቱ ከየት መጣ? ነገሩ የተጀመረው ራሱ በሬዲዮ ነው። በ1962 ጸሐፊው ሶንደርስ ሉዊስ በቢቢሲ ባሰማው ንግግር፣ ነገሩ በያዘው ከቀጠለ ዌልስኛ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ሕያው ቋንቋ መሆኑ ያበቃል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የዌልስ ቋንቋ ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ወጣቶች በየጊዜው ምሰሶ ላይ ወጡ፤ ማሰራጫ ጣቢያዎች ሰብረው ገቡ፤ የቴሌቪዥን ግብር አንከፍልም ብለው የታሰሩም ነበሩ። የመንግሥት ኮሚቴም በ1974 አራተኛው ቻናል በዌልስ ለዌልስኛ ይሰጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በ1979 ምርጫ ያሸነፈው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ይህንኑ ቃል ገብቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ዋይትሎ ሐሳቡ እንደተቀየረ አስታወቁ። የፔንካሬግ ነገር የሆነው በቀጣዩ ወር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ ኢትዮጵያዊ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ግዊንቮር ኢቫንስ በ1966 ከካርማርዘን ተመርጠው ወደ ለንደን ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያው የፕላይድ ከምሪ ፓርቲ ተወካይ ናቸው። ላንጋዶግ በምትባል ቦታ ቲማቲም ያመርቱ ነበር። ያደጉት እንግሊዝኛ በሚናገር ቤት ነው፤ ዌልስኛን ያወቁት በትምህርት ነው። በ1980 መንግሥት ቃሉን ካልጠበቀ ከኦክቶበር 6 ጀምሮ እስከ ሞት እጾማለሁ አሉ። ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ለምንጾም ሕዝብ ጾም ማለት ፍስክ ያለው ነገር ነው፤ ሁዳዴ ቢረዝም ፋሲካ አለ። የእኚህ ሰው ጾም ግን ፍስኩ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ፓርላማ የቆየ፣ በጨዋነቱ የታወቀ የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ለቴሌቪዥን ቻናል ይሞታል ብሎ ለንደን መጀመሪያ አላመነም። ዌልስ ግን አመነች። በየአዳራሹ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ ሁለት ሺህ ያህል ሰው የቴሌቪዥን ግብር አልከፍልም ብሎ ፈረመ። በሴፕቴምበር፣ የዌልሱ ሊቀ ጳጳስ ያሉበት የሽማግሌዎች ቡድን ለንደን ሄዶ ሚኒስትሩን አነጋገረ። መንግሥት በዚያው ወር በ17ኛው ቀን ሐሳቡን መለሰ። ሽማግሌ ልኮ ነገር ማብረድ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ሳነብ ተደስቻለሁ። ኤስ ፎር ሲ የተባለው ቻናል ኖቬምበር 1 ቀን 1982 ሥርጭቱን ጀመረ። የፔንካሬግ ምሰሶና መሰሎቿ አሁን ሰዎች የተጣሉለትን ቋንቋ ያስተላልፉ ጀመር።

ካርማርዘን ስደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር። ኤስ ፎር ሲ በ2018 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከካርዲፍ ወደዚህች ከተማ አምጥቷል፤ ሕንፃው ከከተማዋ ኮሌጅ አጠገብ ነው። በሕንፃው ካፌ ተቀምጬ ወጣቶች በዌልስኛ ስለ ካሜራና ስለ ደመወዝ ሲጨቃጨቁ አዳመጥኩ። አንዲትም ቃል አልገባኝም። ያኔ ነው ልጅነቴን ያስታወስኩት። በሠፈራችን ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ አሮጊት ጎረቤት ነበሩን። ማታ እኛ ቤት እየመጡ ከቤተሰቡ ጋር ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ዜናው ሲነበብ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ይላሉ፤ ዘፈን ሲመጣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛ ልጆቹ ዜናው ስለሰለቻቸው ይመስለን ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዘመን አብዛኛውን ሰዓቱን ያሰማ የነበረው በአማርኛ ነው፤ አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ሬዲዮ ሲከፈት የእናቱን ቋንቋ መስማቱን እንደ ፀሐይ መውጣት ይቆጥረዋል። እኚያ ሴት ከጋራ ጀርባ አልነበሩም። ከማሰራጫው ብዙም በማይርቅ ሠፈር፣ ሞገዱ በደንብ በሚሰማበት ክፍል ውስጥ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነበሩ። እንደ ቴይቪ ሸለቆ ሰዎች ሁሉን ይሰሙ ነበር፤ የሚያናግራቸው ግን አልነበረም። ለእሳቸው የሚተከለው ምሰሶ ከብረት አይሠራም።

ወደ ባሕሩ ስወርድ የታዊ ወንዝ ሰፍቶ አሸዋ ይሆናል። በምሥራቁ ዳር የባቡሩ ሐዲድ የሚያልፍባት ፌሪሳይድ፣ በምዕራቡ ዳር በኮረብታ ላይ የኖርማኖች ግንብ የቆመባት ላንስተፋን ይተያያሉ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ዛጎል ለቃሚዎች ይሠሩበት የነበረ ቦታ ነው። እነዚህ ሁለት መንደሮች ያላቸው ታሪክ ከፔንካሬግ ጋር ሲታይ ይገርማል። በ2005 ብሪታንያ አናሎግ ቴሌቪዥንን ከማጥፋቷ በፊት ሙከራ ያደረገችው በእነሱ የቅብብሎሽ ጣቢያ ላይ ነው። ለየቤቱ መቀበያ ሣጥን ታደለ፤ አረጋውያኑን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ሰዎች ተመደቡ። ሙከራው ሲያልቅ ነዋሪው ተጠየቀ፦ ወደ አሮጌው እንመልሳችሁ ወይስ በአዲሱ ትቀጥላላችሁ? በአዲሱ እንቀጥል የሚለው በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ። ዌልስ በሙሉ ማርች 31 ቀን 2010 ከብሪታንያ አገሮች ቀድማ ሽግግሩን ጨረሰች። ቻናሉ በበዛበት በዚያ ጊዜ ኤስ ፎር ሲ ከእንግሊዝኛ ጋር መጋራቱን አቆመ፤ የዌልስኛ ብቻ ሆነ።

በፔንካሬግ ሰብሮ መግባት የጠየቀው ነገር፣ እዚህ በጥያቄና በድምፅ ብልጫ ሆነ። ለውጡ በአንድ ትውልድ መሆኑ ያስደንቀኛል። ገበሬውን ጠይቆ ምሰሶ መትከልም ይቻላል ማለት ነው።

ላንስተፋን ላይ ሻይ የቀዳችልኝ ሴት፣ በዲሴምበር 2024 ዳራህ የተባለው አውሎ ነፋስ መብራት ሲያጠፋ ከመብራቱ ጋር ኢንተርኔቱና ስልኩም እንደሄዱ አጫወተችኝ። በምዕራብ ዌልስ ለቀናት በጨለማ የቆዩ ቤቶች ነበሩ። ወሬ ያገኘችው በባትሪ በሚሠራ ሬዲዮ ነው። አሁን ደግሞ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ይሁን፣ ምሰሶዎቹም ይቅሩ የሚል ሐሳብ በለንደን ይነሳል። መንግሥት የአየር ሥርጭቱ ቢያንስ እስከ 2034 እንዲቆይ ቃል ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አልተወሰነም። የእሷ ቤት ያለበት ሸለቆ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው። ለፓርላማ ተወካይዋ ደብዳቤ ጽፋለች፤ በዌልስኛ ነው የጻፈችው፣ መልሱም በዌልስኛ መጥቶላታል። መልሱ ግን አላረካትምና ሁለተኛውን እየጻፈች ነው።